መዝገብ ቁጥር ፪፻፲፬

ቢቸና፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
የሚያፈስ ጣራ አለ፣ አንድ አምፖል የማይበራ፤
ከዚያ ሥር ነው የምውለው፤ መዝገብ ቤት ነው የኔ ሥራ።

ወይዘሮ አንጓች መጡ ከሙጋ ወንዝ ማዶ፣
ጭቃ ተጫምተው፣ ጃንጥላቸው ተቀድዶ።
«ልጄ፣ ባሌ የረታበት፣ የሰማንያ ስምንቱ፣
የወይራው ድንበር ፍርድ ይኖራል ወይ ጽሕፈቱ?
ጎረቤቴ ገፋኝ፤ ወይራው ተቆረጠ፤ ጠፋ ምልክቱ።»

«አለ» አልኩ በኩራት። «በኮምፒውተር ተጽፏል፤
ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየዘለለ
ሠላሳ ክረምት አልፏል፤
አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ከኔ እጅ ላይ ተርፏል።»

ከፈትኩት።

ጥያቄ ምልክት። ባዶ ሳጥን። ደግሞ ባዶ ሳጥን።
ባርኔጣ የደፋ የፈረንጅ ፊደል፤
የማላውቀው አገር የገንዘብ ምልክት።
ከሳሹ የት ገባ? ዳኛው ከየት ጠፉ?
«አለ» አልኳቸው፣ ድምፄ ቀጥኖ፤ «ግን አይነበብም።»
ዝም አሉ። ከዚያ፦
«ታዲያ አለ የምትለኝ ምኑን ነው፣ ልጄ?»

የጻፈችው ይታይሽ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና፤
ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲወርድ የሐምሌ ዶፍ በቆርቆሮ።
ፊደሏን ከአንድ ሱቅ ገዝታ፣ በዚያው ፊደል ጽፋ ኖራ፣
ሱቁ ተዘጋ፣ ማሽኑ አረጀ፣ እሷም አለፈች።
ፋይሉ ለካ «ሀ»ን አልያዘም፤ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው፤
ቁጥሩ «ሀ» መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ነበር፣ ውጭ።
ስንቁን ጎረቤት አስቀምጦ መንገድ የወጣ ሰው፣
ጎረቤቱ የሞተ እንደሁ ማን ሊያጎርሰው?

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ ደብረ ወርቅ።
ፍየሉን ገፈው፣ በችካል ወጥረው፣ ጠርዙን በወስፌ እየበሱ
በቀዳዳው ልክ መስመር ያሰምራሉ።
ያ አበሳስ የሳቸው አልነበረም፤
የሞጣው ጸሐፊ የጀመረውን እሳቸው ቢጨርሱ
መጋጠሚያው አይታወቅ።
ለወስፌ ፈቃድ የሚያድስ፣ ኪራይ የሚከፍል የለም።
አይጥ የበላውን አይጥ በላው፤
የቀረው ገጽ ግን ዛሬም ይነበባል።

ቻላቸው፣ የኮምፒውተሩ ልጅ፣ አንድ ዘዴ አመጣ፦
«ፍርድ ሁሉ ርእሱ አንድ ነው፤ ከርእሱ እንነሣ።»
«የእነማይ ወረዳ ፍርድ ቤት» ካለው ዐሥራ ሦስት ፊደል ወጣ።
ከ«ዓመተ ምሕረት»፣ ከ«ተፈርዷል» ሌላው ተለቀመ፤
ዐሥራ አንድ ማታ፣ አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ሰንጠረዥ እየሣልን፣
እንደ ምስር ለቀማ።

አንዲት ምልክት ቀረች።
በመዝገቡ ሁሉ አንዴ ብቻ የመጣች፤ ምስክር የላት።

ወይዘሮ አንጓች ሲመለሱ አነበብኩላቸው፦
«በምሥራቅ የወይራ ዛፍ፤ በምዕራብ የአባ… ኩሚስ ምንጭ…»
«ጳኩሚስ ናቸዋ!» አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፤
«ምንጩን በእጃቸው የጫሩ።
ወይራ ቢቆረጥ፣ ምንጭ ይቆረጣል?»
ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው፤
የጎደለኝን ፊደል አበደሩኝ።

አሁን በሌላ ልማድ አስቀመጥኩት፦
ፊደሉን በሆዱ የያዘ፣ መልኩንም፣ መጠኑንም፤
ቁልፍ የሌለው፣ ከውጭ ምንም የማይለምን፤
ደንቡ ለሁሉ የተጻፈ፣ እንደ ወስፌው።
ፒዲኤፍ ኤ ይሉታል፤ ስሙ የክፍል ምድብ ይመስላል።
ከመቶ ዓመት በኋላ ይከፈት እንደሁ አልምልም።
አንዱን ባሕር ዳር ላክሁ፣ አንዱን ቻላቸው ያዘ፣
አንዱን አትሜ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠኋቸው።
በፌስታል ጠቀለሉት።
«ይሄስ ዝናብ ይችላል?» አሉኝ ከበሩ ላይ።
ሣቅሁ። ይችላል ግን አላልኩም።

የይታይሽ መዝገብ ገና ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አለ።
አምፖሉ አልተቀየረም።
ቁጥር ፪፻፲፭ን ከፈትኩ።
ባዶ ሳጥን።
አወቅሁት፤ «የ» ነው።